በጥላ የደረቀ ኮሶ

ጭላሎ ላይ ኮሶ ሲቀላ ከግቢያችን ሆና የምታየው ባለቤቴ ነበረች። እኔ ሩቅ አይታየኝም፤ ከልጅነቴም አይታየኝም ነበር። ለእኔ ተራራው ጠዋት ጠዋት አንድ ጥቁር ነገር ነው፤ ከላዩ ደመና አለ፤ በቃ። እሷ ግን እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ትቆምና፣ “ያውልህ፣ ከአስታው ቁጥቋጦ ዝቅ ብሎ፣ ከገደሉ በስተግራ ሁለቱ ቀልተዋል። ሦስተኛው ገና ነው፤ ሳምንት ተወው” ትለኛለች። ወጥቼ ሳየው እንዳለችው ነው። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

ሰው ኮሶ አውራጅ የሚለው እኔን ነው እንጂ ሥራው የሁለታችን ነበር። እሷ ታያለች፣ እኔ እወጣለሁ። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ሌላው ሁሉ ከዚህ ስለሚመጣ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ ዳዊት ሳልደግም አባቴ ለእርሻ ፈለገኝና ወጣሁ። አጻጻፌ ቢጎረብጥ የቄሱ ጥፋት አይደለም።

የዛሬ ሰው ክኒን ውጦ ሥራው ይሄዳል። ያኔ ኮሶ ነበር። ጥሬ ሥጋ የማይበላ ቤት የለም፤ ስለዚህ ሆዱ ውስጥ ትል የሌለበት ሰውም የለም። በየሁለት ወሩ ሁሉም ይጠጣል። አሰላም፣ ሁሩታም፣ ዲክሲስም ያው ነው። የሴቴው ዛፍ አበባ ቀይ ነው፤ እንደ ዘለላ ይንጠለጠላል። ወንዴው ነጣ ይላል፤ እሱን ማንም አይፈልገው። ቀዩን አውርደን ድንጋይ ላይ ፀሐይ እናሰጣዋለን፤ ቡናማ ሲሆን አስረን ገበያ እናወጣዋለን። ገዢው ቤቱ ወስዶ ይሰቅለዋል፤ ከዓመት በኋላ ሊጠጣው ይችላል። በእፍኙ ሰፍሮ ወፍጮ ላይ ይፈጨዋል፣ በውሃ ይበጠብጠዋል፣ በባዶ ሆዱ አፍንጫውን ይዞ ይጨልጠዋል።

የጠጣ ሰው ያን ቀን የማንም አይደለም። ጓዳ ገብቶ ተሸፋፍኖ ይተኛል። ሰው ከመጣ ከደጅ “ኮሶ ላይ ነው” ይባላል፤ የመጣውም ቃል ሳይጨምር ይመለሳል። ዳኛ ቢጠራው እንኳ ኮሶ ላይ ነው ከተባለ ይቀራል። ያጥወለውለዋል፣ ያዞረዋል፣ ዓይኑንም ያጨልመዋል። ዓይን ማጨለሙን የማያውቅ የለም። ከሰዓት በኋላ ትሉ ሲወጣና ማሻሪያው ሲቀመስ ይለቃል። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

አንድ ፈረንጅ ቤታችን የመጣው ከታኅሣሡ ግርግር ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ወሩ ኅዳር ነበር። አንድ ላንድሮቨር አጥራችን ሥር ቆመ። ከፈረንጁ ጋር የአሰላው ሐኪም ቤት ድሬሰር ወረደ። ድሬሰሩን አውቀዋለሁ፤ ሙስሊም ነው፣ እዚያው አሰላ የተወለደ፣ ጠጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው። በኦሮምኛ ይቀልዳል፣ በአማርኛ ይሳደባል፣ እንግሊዝኛ ከሐኪሞች ተምሯል፣ ከጣሊያን ጊዜ የቀረችም “ቻው” አለችው። እኔን አያ ኮሶ እያለ ይጠራኛል።

“አያ ኮሶ፣ እንግዳ አመጣሁልህ።”

“ምን ፈልጎ ነው? ትል ይዞት ነው?”

“እሱን አልያዘውም። አንተ የምታወርደውን አበባ ነው የሚፈልገው። ሔጦ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ ፈጣሪ ለሰው ሥራ አያሳጣው መቼም!” ኮሶን በኦሮምኛ ሔጦ ነው የሚሉት።

ፈረንጁ ረዥም፣ ፀሐይ ያቃጠለው ሰው ነበር። አይስቅም፤ ግን ሰላምታ ሲሰጥ ኮፍያውን ያወልቃል። ለባለቤቴም አወለቀላት። ድሬሰሩ እንደነገረን፣ በአበባው ውስጥ ትሉን የሚገድል አንድ ነገር አለ፤ ሰውየው እሱን ለይቶ ማውጣት ይፈልጋል። ምን እንደሆነ፣ የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚበዛ፣ ስንት ቢጠጡት ትሉ እንደሚሞት፣ ስንት ቢጠጡት ሰው እንደሚጎዳ ማወቅ ይፈልጋል።

“ያ ነገር ምን ይመስላል?” አልኩ።

“አይታይም። ከአበባው ጋር ተቀላቅሎ ነው ያለው።”

“ካልታየ እንዳለ በምን አወቀ?”

“ትሉ ሲሞት አይተሃል አይደል? በምን ሞተ ታዲያ፣ በፍርሃት?”

ባለቤቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ነገሩ ግን ሆዴ ገባ።

ከዚያ ፈረንጁ ትንሽ ሚዛን አወጣና መደቡ ላይ አስቀመጠ። ለአንድ ሰው የምትሰጡትን ያህል ስፈሩልኝ አለ። እኔ ሰፈርኩ። ባለቤቴ ሰፈረች። ወሬው ተሰምቶ ጎረቤቶች መጥተው ነበርና እነሱም በየተራ ሰፈሩ። ሰውየው እያንዳንዱን እየመዘነ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ሁሉም የተለያየ ሆነ። የእኔ እፍኝ የባለቤቴ ሁለት እጥፍ ነበር።

“ይሄ እጅ ነው አካፋ?” አለ ድሬሰሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀብኝ።

ፈረንጁ ግን ደብተሩን እያየ አንድ ነገር ጠየቀ። ድሬሰሩ፣ “ትክክለኛው ልክ የማን ነው ይላል” አለኝ።

“የሁላችንም ነው። እጃችን ያውቀዋል። አባቶቻችን ከሸዋ ሲመጡ ሚዛን ጭነው አልመጡም። ስንት ዘመን ጠጣን፤ ማን ሞተ?”

ድሬሰሩ ይህን ሲያስተረጉም ፈረንጁ ቀና ብሎ አየኝ።

በማግስቱ አብረን ወጣን። ባለቤቴ ከግቢ ሆና በጣቷ አሳየችን፤ ፈረንጁ ሩቅ የሚያሳይ መነጽር በዓይኑ ላይ ደቅኖ ቢፈልግ ቢፈልግ እሷ ያለችውን ዛፍ አጣው። ከላይ ደርሰን ከዛፉ ሥር ስንቆም ነው ያመነው። እኔ ጠፍር ታጥቄ ወጣሁ፤ ማጭድ እንጨት ላይ አስሬ ዘለላውን እየቆረጥኩ ጣልኩለት። መሬት እንዲነካ እንኳ አልወደደም፤ ከሥር ሸራ ዘረጋ።

አመሻሹ ላይ ግቢ ስንመለስ እንደ ልማዴ ድንጋይ ላይ ላሰጣው ስል እጄን ያዘኝ። ፀሐይ አይንካው አለ። ቆጥ ላይ፣ ነፋስ በሚያልፍበት፣ በጥላ ይድረቅ። ሲደርቅ በእነዚህ ሁለት ጣሳዎች ውስጥ ይግባ፣ ክዳኑ ይገጠም፣ እኔ እስክመለስ አይከፈት።

“ፀሐይ ኃይሉን ትበላዋለች ይላል” አለ ድሬሰሩ። “ገበያ የምታወጣው ግማሹ ሬሳ ነው። ይሄኛው ግን ኃይሉ አይሄድም።”

ከዚያ መኪናው ዘንድ ሲደርስ ተመልሶ መጣና ቀልዱን ትቶ ነገረኝ። “ስማ። ጣሳውን ከፍታችሁ እንዳትጠጡ። ይሄ የለመዳችሁት አይደለም። በሚዛን ካልሆነ መርዝ ነው።”

“አባቶቼ የጠጡትን ዛሬ መርዝ አልከው፣ ዶክተር?”

“ዶክተር አትበለኝ፤ መርፌ ወጊ ነኝ። ትሉን የሚገድል ነገር አንተን ሲያገኝህ ለይቶ የሚያልፍህ ይመስልሃል?”

ሰማሁት። ደንቆሮ አይደለሁም። ግን ሰው የሚሰማው የፈለገውን ነው። እኔ ከነገሩ ሁሉ የያዝኩት፣ ይሄኛው ኃይለኛ ነው የሚለውን ብቻ ነው።

ለምን ያዝኩት? ባለቤቴን ትል አስቸግሯት ስለነበር ነው። ከፋሲካ ወዲህ ሦስት ጊዜ ጠጥታ ሦስቱንም ጊዜ ጭንቅላቱ አልወጣም። ቁርጥራጩ ይወጣል፤ ጭንቅላቱ ከቀረ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ትበላለች፣ ከሥጋዋ ጠብ አይልም። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ የተሰቀለ ይመስል ነበር። “ይሄ ነገር ከእኔ ጋር ሊኖር ነው የመጣው፤ አንተን ሳያስፈቅድ አገባኝ” እያለች ትቀልዳለች። እየቀለደች ትከሳለች። እኔም፣ ኃይለኛ ኮሶ ቢገኝ ብዬ ሳስብ ሁለት ጣሳ ሙሉ ቆጡ ላይ ተቀምጧል።

አንዱን አውርጄ ከፈትኩት። አበባው አሁንም ቀይ ነው። የገበያው ቡናማ ሆኖ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ ሲነኩት ዱቄት ይሆናል። ይሄ ትናንት የወረደ ይመስላል። ሽታው ቤቱን ሞላው።

“የሰው አደራ አይደለም ወይ?” አለችኝ።

“ዛፉን ያየሽው አንቺ፣ የወጣሁት እኔ። የሰውየው ጣሳው ነው።”

“በሚዛን ነው ብለዋል እኮ።”

“ሚዛን ከየት ላምጣልሽ? እጅ የለኝም?”

“የአንተ እጅ?” አለችና ሳቀች። “እኔ ልስፈረው።”

“ሦስት ጊዜ በአንቺ እጅ ሰፈርሽ፤ ጭንቅላቱ ወጣ?”

ሁለት እፍኝ ሰፈርኩ። በእኔ እፍኝ ሁለት። ራሴ ፈጨሁት፤ ወንድ ወፍጮ ላይ ሲቀመጥ ማየት አሳቃት። በቅል በጥብጬ ሰጠኋት። ጨለጠችው፤ ቅሏን መለሰችልኝና፣ “ከአንተ ጠባይ ይልቅ ይጣፍጣል” አለችኝ።

በደህና ዓይኗ ያየችው የመጨረሻ ነገር ይሄ የእኔ ፊት ሳይሆን አይቀርም።

ረፋዱ ላይ እህቷ ከሁሩታ መጣች። በር ላይ ቆሜ፣ “ኮሶ ላይ ናት” አልኳት።

“ለእኔም?”

“ለአንቺም።”

“አንተ እንኳን ለኮሶ፣ ለእግዜርም ደጅ አትከፍት!” ብላ ሳቀች። የያዘችውን የማር ገንቦ በር ላይ አስቀምጣ ወደ ገበያ ሄደች። እህቷ ብትገባ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ስንት ዘመን አሰብኩ። ሴት ለሴት ታያለች። እኔ ግን ወጉን ጠብቄ መለስኳት።

ከትንሽ በኋላ ከጓዳ ጠራችኝ። “አንተ ሰው፣ ጨለመብኝ።”

“ኮሶው ነው” አልኳት።

አስመለሳት። እንደገና አስመለሳት። ራሷን በሻሽ አሰረች። “ዛሬስ ባሰ” አለች። “ኃይለኛ ነዋ!” አልኳት፤ በኩራት ነው ያልኩት። ይሄን ቃል ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ብዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ዝም ስትል ደግሞ ተኛች ብዬ ተውኳት። የኮሶ ሰው አይነካም።

ከሰዓት በኋላ ትሉ ወጣ። ሙሉውን ወጣ። በሸክላ ዋድያት ውሃ ዘርግቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት፤ እንደ ክር እየቀጠነ ሄዶ ጫፉ ላይ ጭንቅላቱ አለ። ሰው ልጅ ሲወለድለት እንደሚሮጥ ወደ ጓዳ ሮጥኩ።

“ወጣ! ጭንቅላቱ ወጣ!”

“እሰይ” አለች በደከመ ድምፅ። “አሳየኝ።”

ዋድያቱን ፊቷ ድረስ አቀረብኩት። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ፀሐይ አልጋው ላይ ወርዳለች። እሷ ዓይኗን ከፍታ ወደ ደረቴ ታያለች።

“የት አለ?” አለችኝ።

“ይኸው እኮ!”

“የት?”

ማሻሪያ የገብስ አጥሚት ሰጠኋት። እጇን ዘርግታ ከጣባው አጠገብ አየሩን ያዘች። እኔ ሳቅሁ። “ሰከርሽ እንዴ?” አልኳት። ኮሶ ዓይን ያጨልማል፣ ማሻሪያው ሲቀመስ ይለቃል። ይሄን የማያውቅ የለም ብዬ ቀደም ብዬ ጽፌያለሁ። እኔም አውቄ ቁጭ አልኩ። አጥሚቱን ጠጣች። እስኪለቅ ጠበቅን።

ሲነጋ፣ “ነጋ?” ብላ ጠየቀችኝ። በበቅሎ ጭኜ ወደ አሰላ ወሰድኳት።

ድሬሰሩ ገና ሲያየን ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ዓይኗን ሲያይ ዘጋው። ክብሪት ጭሮ ፊቷ ላይ አዞረ። ዓይኗ እሳቱን አልተከተለም። ብሌኗ ሰፍቶ ጥቁር ጉድጓድ መስሏል።

“ከጣሳው ነው?” አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።

“ስንት?”

እጄን ዘረጋሁለት። ሁለት ጣት አሳየሁት። እጄን ረዥም ጊዜ አየው።

“መቼ?”

“ትናንት ጠዋት።”

“ትናንት ለምን አላመጣሃትም? ለምን አልጠራኸኝም?”

“ኮሶ ላይ ነበረች” አልኩት።

እሱም እዚያው አገር ያደገ ሰው ነውና ይህን ሲሰማ ሊቆጣኝ አልቻለም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። “ትናንት ብትመጡ ሆዷን አጥብ ነበር” አለ። “ያድናት ነበር ወይ ብትለኝ አላውቅም። ዛሬ ግን የሚታጠብ ነገር የለም።”

አዲስ አበባ ድረስ ወሰድኳት። አንድ የዓይን ሐኪም ዓይኗን በመሣሪያ ተመልክቶ፣ ዓይኑ ራሱ ደህና ነው፣ ከበስተኋላው ያለው ጅማት ሞቷል አለን። “ደህና ከሆነ ለምን አያይም?” አልኩት። “ድልድዩ ከተሰበረ ወዲያ ማዶ ያለው መንገድ ደህና መሆኑ ምን ይጠቅማል?” አለኝ። እሷ ይህን ሰምታ፣ “በቃ ወደ ቤታችን ውሰደኝ፤ እዚህ ጫጫታው በዛ” አለች። በመንገድ ሁሉ አላለቀሰችም። ሞጆ ስንደርስ ብቻ፣ “ጭንቅላቱ በእውነት ወጥቶ ነበር? ለእኔ ብለህ አልዋሸህም?” ብላ ጠየቀችኝ። በእውነት ወጥቷል አልኳት።

ፈረንጁ በቀጠሮው መጣ። ድሬሰሩ መንገድ ላይ ነግሮት ኖሮ ኮፍያውን ይዞ ነው የገባው። እሷ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ እንደ ድሮው ወደ ጭላሎ ነው። ከፊቷ በርከክ ብሎ በትንሽ የእጅ ባትሪ ዓይኗን መረመረ። ዓይኑ እንባ አዝሎ ነበር፤ ቅርብ ስለነበር አይቻለሁ። ያኔ ግን እንባ አልነበረም የምፈልገው።

“ጠይቅልኝ” አልኩት ድሬሰሩን። “ትሉን የሚገድለው ነገር ነው ዓይኗን የወሰደው? ወይስ ሌላ ነገር አለ? ያን ነገር ካወቀው፣ የሚመልሰውንም ያውቃልና ይስጠኝ።”

ተነጋገሩ። ረዘመብኝ።

“ምን አለ?”

“አይታወቅም ነው የሚለው። እሱ ራሱ ይሁን ሌላ ገና አልተለየም። የሚመልስ ነገርም አያውቅም።”

“ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣው አላውቅም ለማለት ነው?”

“አዎ” አለ ድሬሰሩ። “የሚያውቅማ ምን ብሎ ይመጣል?”

ከዚያ ፈረንጁ አንድ ነገር እየፈራ ጠየቀ። ያን ቀን የሰፈርኩትን ያህል ከተከፈተው ጣሳ ድጋሚ ልስፈርለት። እንቢ ልል ነበር። እሷ ናት፣ “ስፈርለት” ያለችኝ። ሰፈርኩ። ሁለት እፍኝ። ሚዛኑ ላይ አደረገው፣ ደብተሩ ላይ ጻፈው፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ባለቤቴ በአንድ መስመር ተጽፋ አለቀች። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ዋሾ እባላለሁ። ሁለቱንም ጣሳ ጭኖ ሄደ።

የፈረንጁ ደብዳቤ የመጣው በዓመቱ ነው። ድሬሰሩ ቤታችን ድረስ ይዞት መጥቶ አነበበልን። የሴቴው አበባ ከወንዴው በብዙ ይበልጣል፤ ፀሐይ የመታው ይደክማል፤ በጥላ የደረቀው ከሁሉ የበረታ ነው፤ ስለ ጥሩው አበባ ያመሰግናል፤ ከእነዚያው ዛፎች ሁለት ጣሳ ቢጨመርለት ይለምናል።

“ስለ ዓይኔ ምን አለ?” አለች።

ድሬሰሩ ወረቀቱን ገለበጠ። “ስለ ወይዘሮዋ ጉዳይ መልስ አላገኘሁም፣ አዝናለሁ ይላል።”

“ሴቴውና ወንዴው፣ ጥላውና ፀሐዩ!” አልኩ። “አንዱን እኛ ነግረነዋል፤ ሌላውን ገና ሲመጣ ያውቀው አልነበረም? ዕውቀቱን ይዞ ገደል ይግባ። አንዲት ቅጠል አልልክም።”

እሷ ግን፣ “ላክለት” አለችኝ።

“ምን?”

“ላክለት። መልሱን እሱ ካልፈለገው ማን ይፈልገዋል? ለእኔ አይደለም፤ የእኔስ ሄዷል። ሌላዋ ስትጠጣ ልክ አለው የሚላት ሰው ይኑር።”

“ሌላዋ ምናችን ናት?”

“እኔ ምንህ ነበርኩ፣ እንደዚያ ስትሰፍርልኝ?” አለችኝ።

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

ወጣሁ። ከግቢ ሆኖ የሚያሳየኝ የለም። ከዛፍ ዛፍ እየሄድኩ ከሥሩ ቆሜ አንጋጥጣለሁ። ዓይኔ ቅጠልና አበባ የሚለየው ግንዱን ከወጣሁ በኋላ ነው። ከወጣሁበት ሁለቱ ወንዴ ሆኑ፤ አንዱ ሴቴ ሆኖ ገና ጥሬ ነው። በሳምንቱ ተመልሼ ወጣሁ፤ ያው። በሦስተኛው ቀይ አገኘሁና አወረድኩ። በጥላ አደረቅሁት፣ በጣሳ ከደንኩት፣ ድሬሰሩ ላከልን።

መልስ አልመጣም። የታኅሣሡ ግርግር ሆነ፤ ሰውየው አገሩ ገባ ይሁን ታመመ ይሁን የሚነግረን ጠፋ። ድሬሰሩም አቦምሳ ተዛወረ። ሊሰናበተን መጥቶ እጇን ይዞ፣ “ደብዳቤ ከመጣ ወደዚያ ይልኩልኛል፤ በበቅሎም ቢሆን እመጣለሁ” አላት። ሁለት ዓመት ጠበቅን። የመኪና ድምፅ ስትሰማ ቀና ትላለች። ከዚያ ቀና ማለቱንም ተወችው።

አሁን ልጽፈው ያልፈለግሁት ቀርቷል።

ትሉ ተመልሶ መጣ። ያ የወጣው አይደለም፤ አዲስ ነው። ጥሬ ሥጋ መብላታችንን አልተውንማ። ዓይኗን ሰጥተን ያስወጣነው እንግዳ ቦታውን ለሌላ ለቆ ኖሮ ነው። ክኒኑ በእኛ አገር ገና አልታወቀም። እሷም እንደ ድሮው መክሳት ጀመረች። አንድ ቀን፣ “ነገ እጠጣለሁ” አለችኝ።

“አይሆንም።”

“ምን ቀረኝና ትፈራለህ? ዓይን ነው የሚወስደው፤ ዓይን የለኝም።”

በማግስቱ የገበያውን ኮሶ፣ ፀሐይ የመታውን፣ የድሮውን አመጣሁ። እፍኜን ከተትኩ፤ አወጣሁ፤ ግማሹን መለስኩ፤ እንደገና ከተትኩ። ልኩ ጠፋኝ። እጄ ያውቀዋል ያልኩት ሰው እጄ ምንም እንደማያውቅ ያኔ ገባኝ። ቢያንስ ትሉ አይወጣም፤ ቢበዛ ምን እንደሚወስድ አላውቅም፤ ከዓይን ሌላ የሚወስደው እንዳለም የነገረን የለም። መልሱ በዚያ ደብተር ላይ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት ይሆናል፤ ደብተሩ ባሕር ማዶ ነው።

“ስጠኝ” አለችና በራሷ እጅ ሰፈረች። ትንሽ ነው። ወጉን ሻርኩ፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ አስገባሁ። እህቷንም ከሁሩታ አስመጣሁ። ሰው ከበባት፤ እኔ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። ጠጣች።

ከትንሽ በኋላ፣ “ጨለመብሽ?” ብዬ ጠየቅኋት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያወቅሁት።

“በምን ልወቀው?” አለችኝ።

እውነቷን ነው። መጨለም ነበር ምልክቱ፤ ምልክቱን ወስጄባታለሁ። ሲበዛባት የሚነግረን ሌላ ነገር የለም። እጇን ይዤ እየቆየሁ፣ “እንዴት ነው?” እላታለሁ። “እንደ ትናንቱ” ትላለች። ቆይቼ ደግሞ እጠይቃታለሁ። “እንደ ትናንቱ።” ጭንቅላቱ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች፤ በየሁለት ወሩ በራሷ ትንሽ እጅ እየሰፈረች፣ ከትሉ ጋር ኖረች። እኔም በየሁለት ወሩ አጠገቧ ተቀምጬ ያችኑ ጥያቄ እየጠየቅሁ፣ ያችኑ መልስ እየሰማሁ ኖርኩ። ጥቅምት ሲገባ ደጅ በርጩማዋ ላይ ትቀመጥና ፊቷን ወደ ተራራው አዙራ፣ “ቀላ?” ትለኛለች። ቀና ብዬ አያለሁ። አንድ ጥቁር ነገር ነው፤ ከላዩ ደመና አለ።

“አይታየኝም” እላታለሁ።